ልጄ አያቷን ምን ብላ ትጥራ?

ጥያቄ፦ «ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ነው የምኖረው። ሴት ልጄ 14 ወር ሞልቷታል። ሥራ ስለምውል ቀኑን የምታሳልፈው ከእናቴ ጋር ነው። እኔ እናቴን ‹እማዬ› ስለምላት ልጄም ‹እማ› ማለት የጀመረችው ለእሷ ነው፤ እኔን በስሜ ልትጠራኝ ይቃጣታል። እናቴ 52 ዓመቷ ነው። የሰፈር ልጆች ‹እማማ› ሲሏት ፊቷ ይለዋወጣል፤ ‹አያቴ› መባልንም ‹ገና ነኝ› ትላለች። አማቴ የጅሬን ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛ ነው የሚናገሩት፤ ‹አኮ ነው የምትለኝ› ብለው ቁርጡን ነግረውናል። እናቴ ደግሞ ‹በሁለት ቋንቋ ሕፃኗን ግራ ታጋቧታላችሁ› ትላለች። የእናቴ እናትም በሕይወት አሉ፤ ቆብ ጭነዋል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ‹ሁሉንም ግራንድማ በሏቸውና ተገላገሉ› ትለኛለች። የነዚህ ቃላት ልዩነት ምንድን ነው? የትኛውስ ለማን ይሁን?»

መልስ፦ እህታችን፣ ልጅሽ አልተሳሳተችም፤ የሰማችውን ነው የመለሰችው። የ14 ወር ሕፃን ማን የማን እናት እንደሆነች አታውቅም፤ የምታውቀው ፊትና ድምፅ ነው። ይህቺ ሴትዮ ብቅ ስትል ቤቱ ሁሉ «እማዬ» ይላል፤ ስለዚህ የሴትዮዋ ስም «እማዬ» ነው። አንቺን ደግሞ እናትሽም ባለቤትሽም ቀኑን ሙሉ በስምሽ ይጠሩሻል፤ ስለዚህ ያንቺ መጠሪያ እሱ ነው። አያቱን «እማዬ»፣ እናቱን በስሟ እየጠራ የሚያድግ ልጅ በየሰፈሩ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ልጅሽ ከአንቺ ይልቅ አያቷን መርጣለች ማለት አይደለምና በዚህ አትዘኝ።

«እማ» ቀድሞ ለምን መጣ ካልሽ፣ ነገሩ የከንፈር ነው። ሕፃናት ከ6 ወር ገደማ ጀምሮ «ማማማ»፣ «ባባባ» ማለት ይጀምራሉ፤ ከንፈርን ገጥሞ በመክፈት ብቻ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ ይቀላቸዋል። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ጥናት፣ እርስ በርስ ዝምድና በሌላቸው ቋንቋዎች ሳይቀር የእናትና የአባት መጠሪያ የሚመሳሰለው በዚህ የተነሣ መሆኑን አስረድተዋል። ሕፃኑ ድምፁን ያወጣል፤ ትርጉም የሚሰጡት ትልልቆቹ ናቸው። «እማ» ስትል እናትሽ ፈጥና «ወዬ!» ካለች ቃሉ የእናትሽ ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ቤት የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። የእኛ አያቶች ሴት ልጅን ሲያቆላምጡ «ነይ እማዬ»፣ «ብዪ እናቴ» ይሏታል፤ ወንዱን «አባቴ»፣ «አባባዬ»። እንግዲህ ሕፃኗ አንዱን ቃል አንዴ ለራሷ፣ አንዴ ለአያቷ፣ አንዴ ለአንቺ ሲባል ትሰማለች። ይህ ቁልምጫ ደስ የሚል ነው፤ ይቅር አንልም። ነገር ግን ልጅቷ ማን ማን እንደሆነ እስክትለይ ድረስ እሷን ስታቆላምጡ «ሆዴ»፣ «ዓለሜ»፣ «የኔ ቆንጆ» በሉ፤ «እማዬ»ን ለአንድ ሰው ብቻ አቆዩት።

አሁን ወደ ቃላቱ። «አያት» በአማርኛ ወንድም ሴትም ነው። የእናትም የአባትም ወገን አይለይም፤ መለየት ሲያስፈልግ «ሴት አያቴ»፣ «በአባቴ በኩል ያሉት አያቴ» እንላለን። ከሁሉ በላይ ግን «አያቴ» ስለ ሰውየዋ የምናወራበት እንጂ ሰውየዋን የምንጠራበት ቃል እምብዛም አይደለም። ልጅ በር ላይ ቆሞ «አያቴ!» ብሎ ሲጣራ የምትሰሚው ጥቂት ቤት ነው፤ የሚጣራው «እማማ!» ወይም «እማዬ!» ብሎ ነው። ስለዚህ እናትሽ «አያቴ አትበሉኝ» ማለቷ ችግር የለውም፤ ቃሉን ለቅጽና ለወሬ ተዉት።

«እማማ» ክቡር ቃል ነው፤ እናትሽን የሚያስከፋትም ከንቱ አይደለም። «እማማ» የዝምድና ብቻ ሳይሆን የዕድሜም ቃል ነው። ዘመድ ያልሆነች ጎረቤትም፣ ጉሊት የምትቸረችር እናትም፣ ዕድሜዋ ገፋ ካለ «እማማ» ትባላለች፤ የወንዱ አቻው «አባባ» ነው። የሰፈር ልጅ 52 ዓመት ላይ ያለችን ሴት «እማማ» ሲላት ከሽማግሌዎቹ ወገን ቆጥሯት ነው፤ እሷም የምትሰማው ይህንን ነው። የገዛ የልጅ ልጇ ስትላት ግን ያው ቃል ሌላ መልክ አለው፦ ዕድሜዋን ሳይሆን ዝምድናዋን ነው የሚናገረው። ይህን ልዩነት ቁጭ ብለሽ አስረጃት። ከዚያ በኋላም ካልጣማት አትጫኛት፤ መጠሪያው የተጠሪዋ ነው።

«እማዬ» ላይ ያለው «ዬ» የኔነትንና ፍቅርን ይጨምራል፤ «አባዬ»፣ «እትዬ»፣ «ጋሽዬ» ላይ ያለው ነው። «እማዬ» ከ«እማማ» የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ መንገድ ላይ ያገኘሻትን ሴት «እማማ» ትያለሽ እንጂ «እማዬ» አትያትም፤ «እማዬ» ያንቺው ብቻ ናት። «እምዬ» ደግሞ ከዚያም የጠለቀ ነው፤ ሕዝቡ አጼ ምኒልክን «እምዬ ምኒልክ» ሲላቸው ወንድነታቸው እንኳ አልከለከለውም፤ የእናት ርኅራኄ አላቸው ለማለት ነው። በአንዳንድ ቤት እናት «እማዬ»፣ አያት «እምዬ» ናቸው፤ ለጆሮ የሚቀራረቡ ቢሆኑም ልጆቹ አይምታታባቸውም።

«እቴቴ» እና «እትዬ» ለታላቅ እህትና በዕድሜ ለምትበልጥ ሴት የሚባሉ ናቸው። አያትነታቸው በወጣትነት የመጣባቸው ሴቶች «እቴቴ»ን ሲመርጡ እናያለን፤ ክብር አለው፣ እርጅና ግን አያሸክምም። ለእናትሽ የመጀመሪያ ሐሳባችን ይህ ነው። «እሜቴ» ከ«እመቤት» የመጣ የጨዋ ቤት ቃል ነው፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ እምብዛም አይሰማም፤ በቤታችሁ ይባል ከነበረ ግን መመለሱ ያምራል። «ማዘር» የወጣቶች ነው፤ ለጨዋታ ይሆናል፣ ከሕፃን አፍ ግን ሻካራ ነው፤ አንመክረውም።

«አሮጊት»ን ደግሞ ሕፃኗ ባለችበት ጭራሽ አታንሱት፤ በጨዋታ እንኳ «አሮጊቷ መጣች» አይባልም። ወንድን «ሽማግሌ» ስትዪ ማክበር ይሆናል፤ አስታራቂም አማላጅም ነውና። ሴትን «አሮጊት» ስትዪ ግን ያ ክብር አብሮ አይመጣም። ሕፃን ይህን አይለይም፤ የሰማውን እንግዳ ፊት ይደግመዋል። «ባልቴት»ም ስለ ሰው ለማውራት እንጂ ለመጣራት አይሆንም።

አማትሽ የጠየቁት «አኮ» በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ሴት አያት ብቻ። ስለዚህ ከአማርኛው «አያት» ይልቅ የጠራ ነው። ሲነገር «ክ» ይጠብቃል፣ መጨረሻው ረዘም ይላል። አላልተሽ ካልሽው ከአማርኛው «እኮ» ጋር ይቀራረብና አማትሽን ያሳዝናል፤ አንድ ሁለት ጊዜ ከራሳቸው አፍ ስሚው። ልጅሽ መጀመሪያ ላይ «አቶ» ብትል አትደንግጡ። «ክ» ከምላስ ጀርባ፣ «ት» ከምላስ ጫፍ ነው የሚወጡት፤ ትንንሽ ልጆች የኋላውን በፊቱ መተካታቸው የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ተኩል ገደማ ላይ ይስተካከላል። 4 ዓመት አልፎም «ክ» በሁሉም ቃል ላይ «ት» እየሆነ ከቀጠለ ሐኪም ጠይቁ። እስከዚያ ግን ማንም «አቶ» እያለ አብሯት እንዳይስቅ፤ ሳቁን ከወደደችው ስሕተቱን ትይዘዋለች።

እናትሽ በሁለት ቋንቋ ግራ ትጋባለች ማለቷን በተመለከተ፣ አትጋባም። ከልደት ጀምሮ ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ሕፃናት የመጀመሪያ ቃላቸውን የሚያወጡት እንደ ሌሎቹ አንድ ዓመት ገደማ ላይ ነው። እንዲያውም ሁለቱ አያቶች በሁለት ቃል መጠራታቸው ይጠቅማታል፤ ሁለቱም «እማማ» ቢሆኑ ነበር «የትኛዋ?» እያላችሁ ስም ስትቀጥሉ የምትኖሩት። ጅማ ላይ ልጅ መርካቶ ወርዶ እስኪመለስ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፤ «አኮ» ለልጅሽ እንግዳ ቃል አይሆንባትም። በዕድሜ የገፋችን ሴት በማዕረግ መጥራትም ለዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ በጅሬን ቤተ መንግሥት የእመቤቶች ማዕረግ «ገኔ» ነበር፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር እናትም ገኔ ጉሚቲ ነበሩ። እናትሽ መጠሪያ ሲሰጣት ዕድሜ የተጨመረባት ከመሰላት ይህን ንገሪያት።

አሁን ውሳኔው። መጀመሪያ አንቺ ራስሽ መልሺ፦ «እማዬ» መባልን ትፈልጊዋለሽ? የማትፈልጊው ከሆነ ቀላል ነው። በብዙ ከተማ ቤት እናት «ማሚ»፣ አያት «እማዬ» ናቸው፤ ልጅሽም የጀመረችው ያንኑ ስለሆነ መለወጥ አያስፈልግም። የምትፈልጊው ከሆነ ግን አሁን ያዢው፤ 14 ወር ላይ ቃሉ ገና አልጠነከረም። ሁለት ዓመት አልፏት ቃላት እያቀናጀች «እማዬ ወተት ስጪኝ» ማለት ከጀመረች በኋላ ለመለወጥ ብዙ ትለፊያለሽ፤ ልጅቷም ነገሩ ቅጣት ይመስላታል። ከደብዳቤሽ እንደተረዳነው ቃሉ ያንቺ እንዲሆን ትመኛለሽ። ይህ ደግሞ መብትሽ ነው፤ ለእናትሽ በግልጽ ንገሪያት።

አነጋገሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡና ላይ ጎረቤት በተሰበሰበበት አታንሺው፤ ለብቻችሁ ስትሆኑ ይሁን። «እማዬ አትበይ እያልሽ ከልክያት» ካልሻት ልጅቷን ከእሷ የመንጠቅ ያህል ይሰማታል። ይልቅ «ያንቺ ብቻ የሆነ መጠሪያ እንዲኖርሽ እፈልጋለሁ፤ ‹እቴቴ› ትበልሽ ወይስ ‹እምዬ›?» በያት። ሁለት ወይም ሦስት ቃል አቅርቢላት እንጂ «ምን ይሻልሻል?» ብለሽ ሜዳ ላይ አትተያት፤ ያኔ መልሱ «ምንም» ይሆናል፣ ነገሩም እዚያው ይቀራል። «እኔን ነው ‹እማዬ› የምትለው» የሚል ፉክክር ግን ልጅቷ በምትሰማበት ከማናችሁም እንዳይወጣ።

ቃሉ ከተመረጠ በኋላ ሥራው የትልልቆቹ ነው። ልጅቷ ባለችበት አንቺ ራስሽ እናትሽን «እማዬ» ማለት ትተሽ «እቴቴ» ትያለሽ። የሚከብደው ይህ ነው፤ የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና ያመልጥሻል። ሲያመልጥሽ ደግመሽ በትክክለኛው ጥሪያት፤ ማብራሪያ አያስፈልግም። ባለቤትሽ፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ወጣ ገባ የምትል ጎረቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ይበሉ፤ አንዱ «አያትሽ ጋ ሂጂ»፣ ሌላው «እማማ ጋ»፣ ሦስተኛው «እቴቴ ጋ» ካለ ልጅቷ የማንንም አትይዝም። እናትሽም አንቺን በስምሽ መጥራቷን በልጅቷ ፊት ትቀንስና «እማዬ መጣችልሽ» ትበል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ከሥራ በምትመለሺበት ሰዓት በየቀኑ በር ላይ ከተባለ ከሌላው ልምምድ ሁሉ ይበልጣል፤ ልጅቷ ዓይኗ አንቺ ላይ ነው፣ ደስ ብሏታል፣ ቃሉም ከፊትሽ ጋር አብሮ ይገባል።

ቃሉን ለብቻው፣ ቀስ ብለሽ፣ ሰውየዋ እየታየች በይው። «ዛሬ እኮ እቴቴ ገበያ ሄዳ ሽንኩርት ልታመጣልን ነው» የሚለው ለ14 ወር ልጅ ረጅም ነው፤ ቃሉ መሐል ላይ ይጠፋል። «እቴቴ! እቴቴ መጣች» በቂ ነው። ለአማትሽም እንዲሁ፦ ስልክ ሲደወል ምስላቸውን አሳያትና «አኮ! አኮ ናቸው» በያት፤ ከዚያ ዝም በይ፣ እንድትሞክር ጊዜ ስጫት። ባለቤትሽ እናቱን «አዮ» ብሎ የሚጠራ ከሆነ እሱም ልጅቷ ፊት «አኮ» ይበል፤ አለዚያ በእናትሽ ቤት የተፈጠረው ነገር በእናቱም ቤት ይደገማል።

ልጅቷ ስትሳሳት «አይደለም! እቴቴ በይ!» ማለት ዋጋ የለውም። አያቷን እያየች «እማ» ካለች «አዎ፣ እቴቴ ናት» ብለሽ እለፊ። ትክክሉን ሰማች፣ አልተቆጣችም፣ ወሬውም አልተቋረጠ። እንግዳ ፊት «ይቺ ማናት? በይ ንገሪያቸው» እያሉ መፈተንም አይረዳም፤ ሕፃን ሲፈተን ዝም ይላል፣ ያኔ ትልልቆቹ «አታውቀኝም» ብለው ይከፋሉ። ሁለት ሳምንት አልፎ ለውጥ ካላየሽ ልጅቷን ሳይሆን ቤቱን አዳምጪ፦ አንድ ሰው አሁንም የድሮውን እያለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንቺው ትሆኛለሽ።

አንቺና እርስዎንም አብራችሁ ወስኑ፤ መጠሪያና ግሡ መስማማት አለባቸው። «እማዬ ነይ» ያስኬዳል። «እማማ ነይ» በአንዳንድ ቤት ፍቅር ነው፣ በሌላው ድፍረት፤ «እማማ ይምጡ» ያለው ልጅ ደግሞ የትም ቢሄድ አያፍርም። በኦሮምኛውም መለያየቱ አለ፦ «ነይ» ለማለት አንዱን ሰው «ኮቱ»፣ ለማክበር «ኮታ» ይባላል። አማትሽ የትኛውን እንደሚወዱ ባለቤትሽ ያውቃል። የሁለት ዓመት ልጅ አያቱን «ነይ» ቢል ማንም አይቀየምም፤ አክብሮቱ የሚመጣው አንቺ አማትሽን «ይግቡ፣ ይቀመጡ» ስትዪ ደጋግማ ስትሰማ ነው።

የእናትሽ እናት ነገር በጣም ቀላል ነው። ቆብ ጭነዋልና «እማሆይ» ናቸው፤ ልጅም የልጅ ልጅም ጎረቤትም አንድ ዓይነት ይጠራቸዋል። «ቅድመ አያት» የዘር መቁጠሪያ ቃል ነው፤ በእሱ የሚጣራ የለም። «እማሆይ»ን ግን ለሌላ ሽማግሌ ሴት በቁልምጫ አታውሉት፤ የምንኩስና መጠሪያ ነው። በሙስሊም ቤተሰብም መካ ሄደው የተመለሱ አያት «ሐጃ» ሲባሉ የልጅ ልጆቹ በዚያው ይጠሯቸዋል፤ ይህም ለተሳለሙት ብቻ ነው።

እህትሽ ያለችው «ግራንድማ» እዚያ ላሉ ልጆቿ ትክክል ነው፤ ትምህርት ቤትም መንገድም ላይ የሚሰሙት እሱን ነው። እንግሊዝ አገር ቢሆኑ «ግራኒ» ወይም «ናን» ይሉ ነበር። ጅማ ላለችው ልጅሽ ግን ከስልክ ውጪ ማንም የማይለው ቃል ስለሆነ አይጸናም፤ ደግሞም «አኮ»ንና «እቴቴ»ን መልሶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ አማትሽ የጠየቁትም ይቀራል። እህትሽ በቪዲዮ ስትደውል ልጅሽ ፊት «እቴቴ» እንድትል ለምኛት። የእሷ ልጆች ያችኑ አያት «ግራንድማ» ማለታቸው ምንም አያበላሽም።

አንድ ነገር ለኋላ ያዢ። ልጅሽ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ «አኮ ትወስደኛለች» ብትል መምህሯ ማን እንደሆኑ ላታውቅ ትችላለች። የመውሰጃ ፈቃድ ላይ «ሴት አያት፣ የአባት እናት» ብለሽ ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፊ፤ ለእናትሽም «ሴት አያት፣ የእናት እናት» በይ። ጤና ጣቢያ ለክትባት ስትወስዳትም እንዲሁ፤ «አያት» ብቻ ከተጻፈ የትኛዋ እንደሆነች አይታወቅም። ልጅቷ 4 ዓመት ሲሆናት ደግሞ የሁለቱንም አያቶች ትክክለኛ ስም አስጠኛት። ገበያ መሐል የጠፋች ልጅ «የማን ልጅ ነሽ?» ስትባል «የእቴቴ» ብላ ብትመልስ ሰው ሊረዳት አይችልም፤ ስማቸውንና ሰፈራቸውን ካወቀች ግን ሂርማታ ድረስ የሚያመጣት አታጣም።